ቀኙ በግራው ላይ

«የአቶ ግዛቸው መጽሐፍ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አዳራሽ ይነበባል፤ የኒና ቀጣይ እኮ ነው!» አለች ከበቡሽ፣ አንድ እግሯ ገና ከደጃፉ ውጭ እንዳለ። ወንጌላዊት ዳና ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አላለችም። እግሯ ግን መርገጡን ረሳው፤ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫግጮ ቆመ። ከበቡሽ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ በአዋሳው አዲስ ከተማ ሠፈር ወሬ እሷን ቀድሞ የገባበት ቤት የለም። «ዐሥር ደብተር ሙሉ ጽፏል አሉ። ያ አንገቱን ደፍቶ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት የሚመላለስ ሰውዬ! ዛሬ የቀበሌው ኮሚቴ ሰምቶ ከወደደው ለማሳተሚያ አዲስ አበባ ይልከዋል። በቃ፣ ስሙ ሽፋን ላይ ወጣ ማለት ነው።» የሱቁ ባለቤት እትዬ ወርቅነሽ መቀሳቸውን አስቀምጠው ወደ ወንጌላዊት ዞሩ። «የእህትሽ ባል አይደለም እንዴ? ምነው ሳትነግሪን?» ወንጌላዊት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «እኔም ዛሬ መስማቴ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ዛሬ መስማቷ ነው። ዐሥሩን ደብተር ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ነበረች።

ኒናን የማያውቅ ሰው ያን ጊዜ በሠፈሩ አይገኝም። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ብስክሌት የምትነዳ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ሁለት የማይበልጥ ፈረንጅ መርማሪ ብቅ ትልና ጢማም ፖሊሶችን ሁሉ ታሳፍራለች። መምህር ጉልላት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ እንግሊዝኛውን ለሕዝቡ ይተረጉማል፤ ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስም ዝም አይልም፣ ከራሱ ይጨምርበታል። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ኒና የሐኪሙን ገዳይ ተከትላ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ደረሰች፤ የአንዱን ክፍል በር እጀታ ያዘች፤ ፊልሙ አለቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት በእሷ ፈንታ የመንግሥት እርሻ ትራክተር መጣ። በዐሥራ ሦስተኛውም ትራክተር። ሰው ወር ሙሉ ጠብቆ፣ አጉረምርሞ፣ ተወው። ወንጌላዊት ግን ትራክተር ሲያርስ ቁጭ ብላ የምታይ ሰው አይደለችም። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ እንግሊዝኛ ያስተማራት ግማሹ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ስለሆነ ቋንቋውን የምታውቀው እስከ «ኤም» ድረስ ብቻ ነው። «መምህር ጉልላት እስከ ‹ኤፍ›ም አይደርስ» ትላለች ታዲያ። በስድሳ ሳንቲም ደብተር ገዛችና ያንን በር ራሷ ከፈተችው። የጻፈችው ከተማ የፈረንጅ ነው፤ ሐይቁ ግን የአዋሳ ነው፣ ሌላ ሐይቅ አይታ አታውቅማ። ኒና ምስክር ስታነጋግር ከአጠገቧ ዓሣ ይበለታል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ትርፍራፊውን እየጠበቀ ራሰ በራውን ያወዛውዛል።

አንድ ደብተር በሞላ ቁጥር ለእህቷ ለታቢታ ታነብላታለች። ታቢታ ጓሮ ልብስ እያጠበች ትሰማለች፤ ደስ ሲላት ሳሙናው እጇ ላይ ይደርቃል። ዐሥረኛው ሲሞላ፣ «ጋሼ ቢሮ ሥራ ሲቀለው ይተይብልሽ፣ እንዲህ በእጅ ጽሕፈት ማን ያይልሻል?» ያለቻት ታቢታ ራሷ ናት። ግዛቸው ደብተሮቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰዳቸው። ይኸው ሦስት ወሩ። «ገና ነው፣ ሥራ በዛብኝ» ይላል በጠየቀችው ቁጥር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የመጨረሻውስ ደብተር የት አለ? ገዳዩ ማን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «አልጻፍኩትም፣ እዚህ ነው ያለው» ብላ ግንባሯን አሳየችው። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገባት።

ከበቡሽ ወሬዋን ይዛ ወደ ቀጣዩ ቤት ስታልፍ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ደረሰ ከካፊያው እየሸሸ ገባ። ትናንት ከልባሽ ጨርቅ ተራ በዐሥራ ሁለት ብር የገዛውን ግራጫ ካፖርት ለብሷል፤ ኩራቱ ከካፖርቱ ይረዝማል። እጅጌው እንዲያጥርለት ነበር ያመጣው። ወንጌላዊት የቆመበት ቦታ ላይ ለካችውና፣ «ደረሰ፣ ይሄ ነገር የሴት ነው» አለችው።

«የምን ሴት? ከፈረንጅ አገር በመርከብ የመጣ የወንድ ካፖርት ነው!»

«ሲቆለፍ የቱ ነው ላይ የሚሆነው? ቀኙ በግራው ላይ። የወንድ ቢሆን ግራው ነበር በቀኙ ላይ የሚደረበው። እትዬ ወርቅነሽ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይሄንን ነው። ቀዳዳውን ደፍኜ ላዙርልህ፣ አራት ብር።»

«አራት ብር! ብርድ እንደሁ ወንድ ነህ ሴት ነህ ብሎ አይጠይቅም» አለና አንገቱ ድረስ ቆልፎት ወጣ። እትዬ ወርቅነሽ ከት ብለው ሳቁ። «ከተማውን ሁሉ ዞሮ ቢገባ አንድ ሰው ልብ አይለውም፣ ታያለሽ። ሰው ካፖርቱን እንጂ ቁልፉን መች ያያል?» ሌላ ቀን ቢሆን ወንጌላዊት ትስቅ ነበር።

በስድስት ሰዓት ለምሳ ቤት ገባች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ዋናው ክፍል ውስጥ የግዛቸው አልጋ፣ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮና በር ላይ የተሰቀለ የጥቅስ ወረቀት አለ፤ ጥቅሱ የቅዱስ መጽሐፍ ስለነበረ ታቢታ እንግዳ ሲመጣ በቀን መቁጠሪያ ትሸፍነዋለች። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩም እንደዚያው ተሸፍኗል፤ በአፍንጫዋ ብቻ ነው የምትዘምረው። ሁለተኛው ክፍል የወንጌላዊት ነው ይባላል እንጂ የእህልና የከሰል ማስቀመጫ ነው፤ እሷ የምትተኛው ለእህሉ ጠባቂ መስላ ነው። ዛሬ አልጋው ላይ የግዛቸው ሙሉ ልብስ ተተኩሶ ተዘርግቷል። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ከረባት። ግዛቸው ራሱ በካናቴራ ጢሙን ይላጫል፤ ታቢታ ውኃውን ይዛለት ቆማለች።

ወንጌላዊት ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ደብተሮቼ የት ደረሱ?» አለች።

«ገና ናቸው አልኩሽ እኮ። ቢሮ ናቸው።»

በታቢታ እጅ ያለው ጽዋ ዘንበል አለና ውኃው ፈሰሰ። ወንጌላዊት አየች። እህቷ ታውቃለች ማለት ነው። ከረባቱን ስትተኩስ ለምን እንደሚለበስ እያወቀች ነው የተኮሰችው። ለአንዳፍታ ከባልየው ስርቆት ይልቅ የእህቷ ውኃ መያዝ አንገበገባት።

«ከበቡሽ ሱቅ መጥታ አሥር ሰዓት ላይ ይነበባሉ ስትል ነበር። የአቶ ግዛቸው መጽሐፍ ተብለው።»

ግዛቸው ምላጩን አጥቦ፣ ፊቱን በፎጣ ጠራረገ። ጮክ ብሎ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ክፋቱ ሁሌ የሚወጣው በምክር መልክ ነው። «ስሚኝ ልጄ። ያንቺን ስም ብጽፍበት ማን ያነበዋል? የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ያውም ሴት። ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ እንኳን አያስቀምጠውም። እኔ ሃያ ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። በስሜ ከገባ ይታተማል፤ ከታተመ ደግሞ የቤታችን ነው። ምን ጎደለብሽ?»

«ስሜ።»

«ስም!» ሳቀ። «ደብተሮቹ ባንቺ እጅ መጻፋቸውን እንደሆነ ለኮሚቴው አስቀድሜ ነግሬያለሁ። እኔ እያልኩ እሷ ትጽፍልኝ ነበር፣ እጇ ጥሩ ነው ብያለሁ። ብትጮኺም የምታዋርጂው እህትሽን ነው።» ከረባቱን አሰረ፤ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ቀና ጎንበስ እያለ አየና ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ሁለቱ እህትማማቾች ቀሩ። ምስር ወጡ እንደቀረበ ቀዘቀዘ። ታቢታ የፈሰሰውን ውኃ በጨርቅ ደጋግማ ወለወለች፤ ከደረቀ በኋላም ወለወለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ተይው ወንጌል» አለች። «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።» ወንጌላዊት የሚቆርጥ መልስ አላጣችም፤ አጥታም አታውቅም። እህቷ ግን ዐሥሩንም ደብተር ሰምታለች፤ ኒና ጀልባው ውስጥ ስትወድቅ ሳሙናውን ጥላ ጮኻለች፤ ከግዛቸው በቀር በዚህ ዓለም ላይ መጽሐፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ታቢታም አልተከተለቻትም።

ሱቅ አልተመለሰችም። በካፊያው ውስጥ እስከ ሐይቁ ሄደች፤ ባለጋሪው «በሃያ አምስት ሳንቲም ላድርስሽ» ቢላት ጆሮ አልሰጠችውም። አንድ ዛፍ ሥር ቆማ አሰበች። ኒና ብትሆን ምን ታደርጋለች? ኒና አትጮኽም። ኒና መጀመሪያ ትሰማለች፤ ዋሾ ሲናገር አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል፣ እሷም ያንን ቦታ ትጠብቃለች። ይህንን በሦስተኛው ደብተር የጻፈችው ራሷ ናት። ያን ጊዜ ለኒና መጻፍ ቀሏት ነበር።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ጢም ብሏል። ካፊያ ያረጠበው ነጠላ፣ እርጥብ ካኪ፣ የሞቀ ለውዝ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ ከመድረኩ ጥግ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ረጅም ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተፈራ፣ መምህር ጉልላትና ከባህል ክፍል የመጡ ሁለት ሰዎች። መፈክሩ ተባለ፣ ተቀመጡ። ከዐሥሩ ደብተሮች ጎን የተተየበው ጽሑፍ በሰማያዊ ክላሰር ተቀምጧል፤ ደንቡ ረቂቁ አብሮ እንዲቀርብ ስለሚያዝ። ወንጌላዊት ደብተሮቿን ከሩቅ ለየቻቸው፤ አራተኛው ላይ ያፈሰሰችው ሻይ ሳይቀር ይታያል። ግዛቸው ፊት ረድፍ ላይ እግሩን አነባብሯል። ደረሰ መሐል ላይ ካፖርቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ተኮፍሷል። እትዬ ወርቅነሽም ሱቅ ዘግተው መጥተዋል። እሷ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል ቆመች።

መምህር ጉልላት ማንበብ ጀመረ። እሱን የመሰለ ድምፅ በከተማው የለም፤ ባለፈው ዓመት ኒናን ያናገራትም እሱ ስለነበር ሰው ወዲያው ዝም አለ። የሆቴሉ በር ተከፈተ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ መስኮቱ ብርግድ ብሏል፤ ከታች ሐይቁ። ወንጌላዊት የራሷን ቃል በሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። ሰዉ መሳቅ ባለበት ቦታ ሳቀ። ኒና ለኢንስፔክተሩ «እርስዎ የሚያስቡት በጢምዎ ነው» ስትለው አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ ከአጠገቧ፣ «ውይ፣ ይሄ ግዛቸው ለካ እንዲህ ነው!» አለች። ወንጌላዊት ከንፈሯን ነከሰች። አባ ኮዳ ሲመጣ መምህር ጉልላት መነጽሩን ዝቅ አደረገና፣ «አውሮፓ አባ ኮዳ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ግዛቸው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አለ፣ በበጋ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ንባቡ ቀጠለ።

ከዚያ የሆቴሉ አሳላፊ ምስክርነት መጣ። ሐኪሙ በተገደለበት ምሽት ገዳዩ ከሆቴሉ ሲወጣ ያየው አሳላፊው ብቻ ነው። መምህር ጉልላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ «‹ሰውዬው ፋኖሱ ሥር አለፈ። ኮፍያው ፊቱን ጋርዶታል። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል፣ ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ።›»

ወንጌላዊት የተደገፈችውን ግድግዳ ለቀቀች። ግራው በቀኙ ላይ? እንዲያ አልጻፈችም። በሕይወቷ እንዲያ ልትጽፍ አትችልም። መጽሐፉ ዐሥር ደብተር ሙሉ የቆመው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው። ከሰውነቷ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ነገር ተፈታ፤ ልትስቅም ቃጣት። መምህር ጉልላት ገጾች ዘሎ የመጨረሻውን ክፍል አነበበ፦ ኒና የሐኪሙን ሾፌር ያዘችው፤ ሾፌሩ አለቀሰ፤ አብዮታዊ ትምህርት ሰጠችው፤ አለቀ። ጭብጨባ ሆነ፤ ሞቅ ያለ ግን አልነበረም። «ሾፌሩ? ሾፌሩማ ሆስፒታል ተኝቶ አልነበር?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጓድ ተፈራ ተነሥቶ፣ «አስተያየት ያለው» ሲል ወንጌላዊት መሐሉን ሰንጥቃ ወጣች። ግዛቸው ዞሮ አያትና ፈገግ አለ። «ይቺ ናት ረቂቁን የጻፈችልኝ ልጅ፣ የባለቤቴ እህት። እኔ እያልኩ።»

«ጥሩ» አለች ወንጌላዊት። «እንግዲያውስ ሲሉኝ የሰማሁትን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገዳዩ ካፖርቱን የቆለፈው እንዴት ነው?»

«አሁን ተነበበ እኮ። ግራው በቀኙ ላይ። ማንም ሰው እንደሚቆልፈው።»

«ማንም ሰው!» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እስቲ ሁላችሁም ደረታችሁን እዩ። ወንዶችም ሴቶችም። የሸሚዛችሁን፣ የሹራባችሁን ቁልፍ እዩ። የቱ ነው ላይ የሆነው?»

አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ጓድ ተፈራ የካኪውን ደረት አየ፤ መምህር ጉልላት መነጽሩን አስተካክሎ ሸሚዙን አየ፤ ከባህል ክፍል የመጡት ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስት መቶ ሰው ፀጥ ብሎ የራሱን ቁልፍ ሲመረምር ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ነበር። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል ከበቡሽ፣ «የእኔ ቀኙ ነው!» ብላ ጮኸች። «የእኔም ቀኙ!» «የእኔም!» ከወንዶቹ በኩል፣ «ግራ! ግራ!» እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «እንዲህ ነው እንጂ የእጄ ልጅ!» አሉ፤ ይህን ያሉት ሌላው ሰው ገና ሳይገባው ነው።

«ደረሰ፣ እባክህ ተነሥ» አለች ወንጌላዊት። ደረሰ ግራ ቀኙን አይቶ ተነሣ። «ይሄ ሰው ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ካፖርት ከተማውን ዞሯል፤ አሁንም መሐላችሁ ተቀምጧል። የሴት ካፖርት መሆኑን ያየ አለ?» ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ደረሰ ደረቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አራት ብሩን ብትከፍለኝ ኖሮ!» አለችው፤ ሰዉ እንደገና ፈነዳ። «እኔ የጻፍኩት ‹ቀኙ በግራው ላይ› ብዬ ነው። አሳላፊው ያየው ወንድ የመሰለች ሴት ነበር። ፖሊሱ ሁሉ ወንድ ሲፈልግ ይኖራል፤ ኒና ብቻ የካፖርቱን ቁልፍ ታስባለች። ይቺ መስመር ከተገለበጠች መጽሐፉ የለም። ለዚህ ነው ጋሼ ሾፌሩን ከሆስፒታል አልጋው ጎትተው ያመጡት፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አያውቁማ።»

«ሴት ናት!» አለች አንዲት እናት ከኋላ፣ ገና አሁን ደርሶባት። «እኮ ሴት ናት!»

ግዛቸው ተነሥቶ ነበር። ፊቱ ከምላጩ በኋላ እንደነበረው ቀልቷል። «ይሄ ቀልድ ነው። ወንድም እኮ የሴት ካፖርት ይለብሳል፣ ይኸው ደረሰ ለብሷል! ምን ያስረዳል?»

«እውነትዎን ነው» አለች ወንጌላዊት። «ኒናም ሰባተኛው ደብተር ላይ ለዚሁ መልስ አላት። ካፖርቱን ከሐይቁ ዳር አግኝታ በሜትር ትለካዋለች፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ስም አትጠራም፤ ልክ ማንበብ ለሚያውቅ ግን የሚሆነው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። በተተየበው ውስጥ ያ ልክ የት አለ?»

«አሰልቺ ስለሆነ አወጣሁት! የሰው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ገጽ የልብስ ልክ ማን ያነባል?» አለና፣ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«የማን መጽሐፍ?» አለ መምህር ጉልላት።

ጓድ ተፈራ ደብተሮቹን ወደ ራሱ ሳበ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ ቆመ። ደብተሩን ከዓይኑ አቀረበ፤ አራቀ። ከዚያ ለስብሰባ ሪፖርት በሚያሰማበት ድምፅ አነበበ፦ «‹ካፖርቱ እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል፣ ቀኙ በግራው ላይ ተደርቦ።› በሰማያዊ ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፦ ‹ስሕተት። ልብስ እንዲህ አይቆለፍም። ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም።›» ደብተሩን አስቀመጠ። «ጓድ ግዛቸው፣ ይሄ ቀይ ጽሕፈት የማን ነው?»

ወንጌላዊት፣ «ጋሼ የራሳቸውን ደረት ብቻ አይተው ነው ያረሙት» አለች። አሁን ሰዉ አልሳቀም፤ ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ።

«ቢሆንም» አለ ግዛቸው፣ ድምፁ እየሳሳ፣ «እርማት እርማት ነው። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ለስድስት ወር ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። በቤቴ ውስጥ የሆነውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አለሁ።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው። ታቢታ ነጠላዋ ረጥቦ፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ቆማለች። መቼ እንደገባች ማንም አላየም። ሰዉ መንገድ ሲለቅላት ወደ ፊት አልመጣችም፤ እዚያው ሆና፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ባለቤቴ እራቱን እንደበላ ይተኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያንኮራፋል፤ ጎረቤቶቼም ይሰማሉ። መጽሐፉን የጻፈችው እህቴ ናት። እኔ ልብስ ሳጥብ አንድ በአንድ አንብባልኛለች። ዐሥሩንም።»

«እኔም ማንኮራፋቱን እሰማለሁ!» ስትል አንዲት ጎረቤት ፈጥና መሰከረች፤ ያን ጊዜ አዳራሹ እንደ ማዕበል ሳቀና ከሳቁ ውስጥ ጭብጨባ ወጣ፤ ከጭብጨባው ውስጥ ደግሞ እልልታ። እልልታውን የጀመሩት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። ግዛቸው ከረባቱን እያላላ በጎን በር ወጣ። ጓድ ተፈራ በክላሰሩ ሽፋን ላይ የተተየበውን ስም በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ሰረዘውና፣ «ስም ከነአባት?» አለ።

«ወንጌላዊት ዳና።»

«ሥራ?»

ልብስ ሰፊ ልትል ነበር። ከዚያ ስታስበው ለዛሬው ድል ያበቃት ያው ልብስ ሰፊነቷ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ለአንዱ ልትሠዋ አልፈለገችም። «ልብስ ሰፊና ደራሲ» አለች። «በዚሁ ቅደም ተከተል ይጻፉልኝ።» ጻፈው። ኮሚቴው ራቅ ብሎ ለመመካከር ጊዜ አልፈጀም፤ የመጨረሻው ደብተር በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጽፎ እንዲገባና መጽሐፉ ቀኙም በግራው ላይ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ተወሰነ። መምህር ጉልላት እጇን ጨብጦ፣ «አባ ኮዳውንስ ምን እናድርገው?» አላት። «ኒና ስትመጣ አብሯት የመጣ ነው፣ ይተዉት» አለችው።

ሲወጡ ሰዉ ከበባት። «ሴትየዋ ማናት? በአምላክ ንገሪን!» ከበቡሽ ክንዷን ይዛ አልለቅ አለች። «ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ፤ ለማንም አልናገርም።» ይህን ስትል ራሷም ሳቀች። ወንጌላዊት፣ «መጽሐፉ ሲወጣ ገዝታችሁ አንብቡ» ብላ አለፈቻቸው። ለደረሰ ግን፣ «ሰኞ ካፖርቱን ይዘህ ና፣ በነፃ አዞርልሃለሁ» አለችው። «አልፈልግም» አለ ደረሰ። «አሁን የታወቀ ካፖርት ነው።»

ካፊያው ቆሟል። ሁለቱ እህትማማቾች ጭቃውን እየመረጡ ጎን ለጎን ሄዱ። ቤት ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ቢጠብቅም ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ወንጌላዊት መንገድ ዳር ያለው የፈትያ ሱቅ ቆማ በስድሳ ሳንቲም አንድ ደብተር ገዛች፤ ዐሥራ አንደኛውን። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ታቢታ ፊት ለፊቷን እያየች፣ «ሴትየዋ ግን ማናት?» አለች።

ወንጌላዊት ለአዳራሹ ሁሉ የከለከለችውን ነገራት። «የሆቴሉ ጌታ ሚስት። ያቺ በየምዕራፉ ሻይ ይዛ የምትገባው።»

ጭቃ ዘለሉ። ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ታቢታ በአፍንጫዋ ሳይሆን ከንፈሯን ከፍታ ማንጎራጎር ጀምራ ነበር። አቋረጠችውና፣ «ከሁለተኛው ደብተር ጀምሮ ጠርጥሬያት ነበር» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሁሉም ሰው ሻዩን ይቀበላታል። አንድም ሰው ግን ምንም ጠይቋት አያውቅማ» አለችና ዜማውን ካቆመችበት ቀጠለች።